ከሳሙና ጋር የሸጥናት ሴት

ልጄ ሳሙና ስትቆርጥ አትናገርም። ሁለት ጫፉ በእንጨት እጀታ የታሰረውን ቀጭን ሽቦ ወጥራ ትይዝና፣ ትልቅ ጡብ በሚያህለው ሳሙና ላይ ቀስ አድርጋ ታወርደዋለች። እጇ ትንሽ ካመነታ ቁራጩ ይንሻፈፋል፤ የተንሻፈፈ ሳሙና ደግሞ የሚረከባት ባለሱቅ አይቀበላትም። ያን ዕለት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ቁራጭ በተከታታይ ተንሻፈፈባት። ደንበኛችን ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ዘጠነኛው ወጣ?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ እንደምን አደራችሁ እንኳ ሳትል።

«ገና ነው፣ እትዬ። ዘግይቶብናል። ማተሚያ ቤቱ ለከሰዓት ነው ያለን።»

«ሳሙናውን እኮ አይደለም የምፈልገው፣ የኔ ልጅ። ቤቴ ሳሙና በሳሙና ሆኗል። ወረቀቱን ነው። እሱም ቢቀር ግድ የለም፣ በአፍሽ ንገሪኝ። ሐይቁ ያለበት ከተማ የትኛው ነው? ሐሙስ በጠዋቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ። የስፌት መኪናዬን የሚገዛኝ ሰው ነገ መጥቶ ይወስዳል።»

ልጄ ሽቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ጥግ ይዤ መጠቅለያ ወረቀት እያጠፍኩ ነበር። ሁለታችንም የምናውቀውን ልብስ ሰፊዋ አታውቅም። ሐይቅ የሚባል ነገር አልነበረም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከመነሻው ልጀምር።

ልጄ አሥራ አራት ዓመት መድኃኒት ቤት ውስጥ ከባንኮኒ ጀርባ ቆማ ሠርታለች። መድኃኒት ቤቱ ሲዘጋ ቤት ገባች። እጇ ሥራ ካልያዘ የምትታመም ሴት ናት። ከጓዳችን ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ዘይትና ኮስቲክ ሶዳ እየመዘነች፣ እያማሰለች፣ በእንጨት ሣጥን እየገለበጠች ሳሙና መሥራት ያዘች። ወር ሙሉ መደርደሪያ ላይ ታደርቀዋለች። ሳሙናው ጥሩ ነበር፤ ቆዳ አያስቆጣም፣ ሽታውም አያፍንም። የሠፈሩ ሰው ለልጄ «አረፋ» የሚል ስም አወጣላት። ስም ማውጣቱንስ አወጡ፤ መግዛቱን ግን ማን ይግዛ! የፋብሪካው ሳሙና ላይ ፀጉሯ በነፋስ የሚበር ቆንጆ ሴት አለች፤ የኛው በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ ነው። አልጋዬ ሥር ሳሙና፣ ቁም ሣጥኑ ላይ ሳሙና። ማተሚያ ቤት የምትሠራው የልጅ ልጄ በገባች በወጣች ቁጥር «አያቴ፣ አንቺ እኮ ተኝተሽም ትታጠቢያለሽ» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

አረፋ መድኃኒት ቤት ሳለች አንድ ነገር አስተውላ ኖሯል። ሰው አንድ ክኒን ሊገዛ መጥቶ፣ አጠገቡ የቆመው ሰው ወሬ ከጀመረ፣ ክኒኑን በእጁ እንደያዘ መጨረሻውን ሳይሰማ አይወጣም። አንድ ማክሰኞ ገበያ ላይ ጠረጴዛዋን ዘርግታ፣ ለአንዲት ሴት ሳሙና እየጠቀለለች፣ የሆነች ልጅ ታሪክ ጀመረችላት። ሕዝብ ዕቃውን ተሸክሞ በሚሸሽበት ቀን፣ በጭነት መኪና ማቆሚያ ግርግር ውስጥ ከቤተሰቧ የጠፋች ትንሽ ልጅ። ከራሷ የፈጠረችው ነው። ግን ያ ዘመን በኛ ዕድሜ ባለ ሰው ሁሉ ላይ አልፏል፤ እንዲህ ያለ ልጅ ያልጠፋበት ቤት ጥቂት ነው። ልጅቷ የት እንዳደረች ሳትናገር ሳሙናውን አስረከበቻትና «የቀረው በሚመጣው ማክሰኞ» አለቻት። በሚመጣው ማክሰኞ ሴትዮዋ መጣች፤ ጎረቤቶቿን አስከትላ።

ከዚያ ወረቀቱ መጣ። አረፋ ታሪኩን ለየሳምንቱ እየቆረጠች ትጽፋለች፣ የልጅ ልጄ ታሳትምላታለች፣ ሳሙናው በዚያው ወረቀት ይጠቀለላል። ራስጌው ላይ ቁጥር አለው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ ይሄዳል። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ አልጋዬ ሥር ባዶ ሆነ። ሥጋ ሻጩ ሳይቀር ከነሽርጡ ገበያ መሃል ድረስ መጥቶ «አረፋ፣ ያቺን ልጅ እንዳትገድያት! ከገደልሻት በአመድ ነው የምታጠበው!» ብሎ ዛተባት።

አደባባዩ ላይ ትልቅ ሱቅ ያለው ሰውዬ የሰማው ያኔ ነው። በየሳምንቱ ሁለት መቶ ሳሙና እወስዳለሁ አለ። አምስተኛውን ወረቀት አገላብጦ አነበበና ግን ራሱን አከከ።

«‹እውነተኛ ታሪክ› በይበት።»

«እውነተኛ አይደለማ» አለችው።

«በምን ታውቂያለሽ? በአንዷ ላይ ደርሶ ይሆናል። ስሚኝ፣ ሰው እውነት ነው ካልሽው ያለቅሳል። ያለቀሰ ሰው ደግሞ ፊቱን ይታጠባል።»

አረፋ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከስድስተኛው ጀምሮ ከቁጥሩ ሥር፣ በደቃቅ ፊደል፣ «እውነተኛ ታሪክ» የሚል ገባ። እኔ ማንበብ የተማርኩት ስልሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ገና በጣቴ እየተከተልኩ ነበር የማነበው። ሁለቱን ቃላት ሳልሳሳት አነበብኳቸውና ደስ አለኝ። ማንበቤን እንጂ ያነበብኩትን አላሰብኩም።

ሰባተኛው ላይ አረፋ ነጠፈች። ሰኞ መታተም ያለበት ወረቀት ቅዳሜ ከሰዓት ባዶውን ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። እሷም እርሳሱን እያኘከች ታየዋለች።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ» አለች። «ትልቅ ነገር አይደለም። ልጅ ብቻ የሚያደርገው ዓይነት ነገር።»

ነገርኳት።

በጎልማሶች ትምህርት ቤት አንድ አግዳሚ ላይ አብራኝ የምትቀመጥ ሴት ነበረች። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ አንዴ ሳናስፈቅዳት ጽፈንባታል። በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ቤት አንሶላ የምታጥብ፣ ቀጠን ያለች፣ በዕድሜ ከኔ ጥቂት የምታንስ ሴት ናት። ቁጥር በተማርንበት ቀን አስተማሪያችን እርሳስ አስቆጠረቻት። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት» አለች። «አራትስ የት ሄደ?» አለቻት አስተማሪዋ። ክፍሉ ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ስትቀመጥ ግን ወደ ጆሮዬ ተጠግታ ነገረችኝ። የወላጆቿ አራተኛ ልጅ በሕፃንነቱ ሞቶ፣ እናቷ ያን ቁጥር በሰማች ቁጥር ታለቅስ ነበር። ስለዚህ እሷና ታላቅ እኅቷ አራትን ዘለው መቁጠር ለመዱ። «ከእኅቴ ከተለያየን ስንት ዘመኔ! ምላሴ ግን እስከ ዛሬ አልፎት ይሄዳል» አለችኝ። «ለሰው ነግሬው አላውቅም። የሞኝ ነገር ነው።»

አረፋ ይህን ስትሰማ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ይሄ ነው!» አለች። በሰባተኛው ወረቀት ላይ የጠፋችው ልጅ መኪናው ላይ የተጫኑትን ሰዎች ስትቆጥር አራትን ዘለለች፤ ምክንያቱም አብሮ ቁልጭ ብሎ ተጻፈ። «ይህ እኮ የሰው ነው» የሚል ቃል ከኔ አፍ አልወጣም። ልጄ ተጨንቃ ነበር፤ ጭንቀቷን አቃለልኩላት። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ይባስ ብዬ ዓርብ ዕለት በሰባተኛው ወረቀት የተጠቀለለ አሥር ሳሙና በዘንቢል ይዤ ክፍል ገባሁ። አስተማሪዋ «ዛሬ የምናነበው ይህን ነው» ብላ ወረቀቱን አደለችን። በየተራ አንድ አንድ መስመር ስናነብ ያ መስመር ለአግዳሚ ጓደኛዬ ደረሳት። በጣቷ እየተከተለች «ልጅቷ... ስትቆጥር... አንድ... ሁለት... ሦስት...» አለችና ቆመች።

«ጎበዝ፣ ቀጥዪ» አለቻት አስተማሪዋ።

አልቀጠለችም። ወረቀቱን አጣጥፋ ጉያዋ ከተተችው። «ራሴን አመመኝ» ብላ ወጣች። ስትወጣ ወደኔ አልዞረችም። በሚቀጥለው ዓርብ ቦታዋ ባዶ ነበር። ጉንፋን ይዟት ይሆናል አልኩ። ልቤ ነገሩን ያውቀው ነበር፤ እንዳይነግረኝ አፉን የያዝኩት እኔው ነኝ።

ወረቀቱ ክፍል ውስጥ በተነበበ በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ልብስ ሰፊዋ ቤታችን መጣች። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ስፌት ቤት አላት፤ የስፌት መኪናው ዘይት ከጣቷ እንዲለቅላት ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ከኛ ትገዛለች። ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ደረቷ ላይ መርፌ ሰክታ ረስታዋለች። በእጇ ሰባተኛው ወረቀት አለ።

«ማን ነገረሽ?» አለቻት አረፋን።

«ምኑን፣ እትዬ?»

«አራትን።»

ወንበር ብናቀርብላት አልተቀመጠችም። ቆማ ነገረችን። አምስት ልጆች ነበሩ። ሁለቱ ታላላቆች ወንዶች ቀድመው ከቤት ወጥተው ቀሩ። ሦስተኛ እሷ ናት፣ አምስተኛ ትንሿ እኅቷ። «አራተኛው ከመካከላችን ሲወጣ እኔና እሷ ጎን ለጎን ሆንን» አለች። ሕዝቡ የሸሸ ዕለት፣ በመኪና ማቆሚያው ውስጥ የትንሿን እጅ ይዛ ነበር። የተጠቀለለ ፍራሽ ከትከሻዋ ሸርተት ሲል ያን ለመያዝ እጇን ለቀቀች። እሷ አሥራ ሁለት፣ ትንሿ ሰባት። ሃምሳ ሦስት ዓመት ሆነው።

«ፍራሹንማ ያዝኩት» አለች።

አረፋ ያኔ መናገር ነበረባት። እኔም ነበረብኝ። የልጄ ፊት አመድ መሰለ። «ከ... ከሰው የሰማሁት ነው» አለች።

«ከማን?»

«ላስታውስና እነግርዎታለሁ።»

ስምንተኛው ወረቀት ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ተከምሮ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ከላይ አንዱን መዝዛ እዚያው አነበበችው። ልጅቷን የአንድ ጀልባ ቀዛፊ ሚስት አግኝታ፣ ሐይቅ ዳር ወዳለው ቤቷ ወስዳ አሳደገቻት ይላል። አረፋ ሐይቁን ለምን እንደጻፈችው ልንገራችሁ? ማተሚያ ቤቱ ውስጥ የተረፈ ሰማያዊ ቀለም ነበር፤ የወረቀቱን ዳር ዳር በሞገድ ለማስጌጥ ነው።

«ሐይቅ ዳር» አለች ልብስ ሰፊዋ። ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋው፣ ከመርፌው ጋር፣ ወጣች።

ያ ሳምንት እንዲህ አለፈ። አረፋ ጠዋት ጠዋት «ዛሬ እነግራታለሁ» ትላለች፤ ሲመሽ «ነገ» ትላለች። አንዴ ስፌት ቤቱ ደጃፍ ድረስ ሄዳ ተመለሰች። ልብስ ሰፊዋ ሻንጣ ስታራግፍ በመስኮት አየኋት አለችኝ። ወሬው ባለሱቁ ጆሮ ደረሰና እየሮጠ መጣ።

«ጉድ እኮ ነው! በዘጠነኛው ላይ አውጪው፤ ‹እኅቷ ተገኘች› በይ። ሐሙስ አውቶቡስ ስትሳፈር ፎቶ እናነሳታለን። አምስት መቶ እወስዳለሁ። ምን አምስት መቶ፣ ስድስት መቶ!»

«ሄዳ ባታገኛትስ?» አለችው አረፋ።

«ባታገኛት አሥረኛው አለልሽ።»

ይህን ሲል አልቀለደም። አረፋ ዘጠነኛውን ሁለት ጊዜ ጻፈችው። አንዱን ባለሱቁ እንዳላት፣ ሌላውን ለብቻዋ። ማተሚያ ቤት የሄደው የባለሱቁ ነው። ሁለተኛውን አጥፋ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው፤ እኔም ምን እንደሚል አልጠየቅኳትም።

እንግዲህ ያ ማክሰኞ ጠዋት ደረሰ።

«የከተማውን ስም» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ በሩ ላይ እንደቆመች። «ጀልባ መሳፈር ካለም ግድ የለኝም። ውሃ ያዞረኛል፤ ለሱም ክኒን ገዝቻለሁ።» ኪሷን መታ መታ ስታደርገው ክኒኑ ብልቃጡ ውስጥ ተንሿሿ።

አረፋ በዕድሜዋ ስንቱን ክኒን ቆጥራ ለሰው ሰጥታለች። ያን ድምፅ ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች።

«እትዬ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም።»

«ሐይቅ የለም።»

«ምን ማለትሽ ነው? ደረቀ?»

«ኖሮም አያውቅ። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«ቀዛፊውስ?»

«እሱንም።»

«ልጅቷስ?»

አረፋ ራሷን ነቀነቀች፤ እሷንም፣ ማለቷ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። እንደዚያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም፣ ሁለተኛም አያሰማኝ። «እሺ፣ ቁጥሩንም ፈጠርሽው? እናቴን ታውቂያታለሽ? ወንድሜን ቀብረሻል? አራትን ከየት አባሽ አመጣሽው?»

የያዝኩት ወረቀት ከጭኔ ላይ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተበተነ። «ቁጥሩ እውነት ነው» አልኩ። «ያመጣሁት እኔ ነኝ። የነገረችኝን ሴት አውቃታለሁ። ሐይቅ ዳር አይደለችም፤ እዚሁ ከገበያው ማዶ አንሶላ ታጥባለች።»

ዞራ አየችኝ። እስኪበቃት ድረስ አየችኝ።

«ስምንት ቀን!» አለች። «ስምንት ቀን ሙሉ ይህን በሆድሽ ይዘሽ ወረቀት ታጥፊያለሽ?»

የተበተነውን ወረቀት ወለሉ ላይ ትቼ ነጠላዬን አነሳሁ።

ሦስታችንም ወጣን። አረፋ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። ልብስ ሰፊዋ መንገዱን ሳታውቀው ከፊት ትሄዳለች፤ በየመታጠፊያው «በዚህ ነው!» እያልን እንመልሳታለን። ፊቷን ሳታዞር ትጠይቀኛለች።

«ረዥም ናት?»

«ከኔ ትረዝማለች።»

«ጥርሷስ?»

«ምኑን አየሁት! ስትስቅ አፏን በክርኗ ትሸፍናለች።»

መንገዱ መሃል ቀጥ አለች። አንድ ባለጋሪ «እናንተ ሴቶች፣ መንገዱን ገዛችሁት እንዴ?» ብሎ ጮኸብን። አልሰማችውም።

«እናታችን ናት እንደሱ የምታደርገው» አለች። «እጇን ሊጥ ስለማይለየው በክርኗ ነበር የምትሸፍነው።»

ከዚያ ወዲያ መሄዱ ቀርቶ መሮጥ ሆነ። በስልሳ አምስት ዓመቷ እንዴት እንደምትሮጥ ብታዩ! አረፋ በክንዴ እየጎተተችኝ ሁለታችን ከኋላ ቀረን። ስንደርስ ልብስ ሰፊዋ የማረፊያ ቤቱን በር አልፋ ግቢው ውስጥ ገብታለች። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተወጠረ ገመድ ላይ ነጭ አንሶላ ተሰጥቷል። ከመጨረሻው አንሶላ ሥር ሁለት እግር ይታያል፤ እርጥብ ጫማ ያደረገ እግር። ልብስ ሰፊዋ አንሶላ እየገለጠች፣ አንዱን አልፋ ሌላውን እየገለጠች ሄደች። የመጨረሻው ጋ ደረሰች። ገለጠችው።

ሃያ ዓመት የማይሞላት ልጅ መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛ አፍጥጣ አየቻት።

«ያቺማ ሄደች» አለን ዘበኛው ከኋላችን ደርሶ። «እናንተ ማን ናችሁ? አንዷ በሽርጥ፣ አንዷ በሜትር... ፖሊስ አትመስሉም።»

«መቼ?» አለች አረፋ።

«አሥር ቀን አለፋት፤ ቅዳሜ ጠዋት ነው። አንድ ሻንጣ ይዛ። ‹ወዴት ነው?› ስላት ‹ሰው ወደማያውቀኝ› አለችኝ።»

ዓርብ ዕለት ነው መስመሩ የደረሳት። በማግሥቱ ነው የሄደችው።

ዘበኛው ሦስታችንንም ተራ በተራ አየን። «ከመካከላችሁ ትምህርት ቤት አብራት የምትቀመጠው የትኛዋ ናት? ከመጣች ስጣት ያለችኝ አለ።» ከኮቱ ኪስ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣ። ሰባተኛው መጠቅለያ ነው። ጀርባው ላይ በእርሳስ፣ ወደ ታች እያዘነበለ በሚሄድ ትላልቅ ፊደል፣ አንድ መስመር ተጽፏል፤

«ላንቺ ብቻ ነበር የነገርኩት።»

አንድም ፊደል አልሳተችም።

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችው። ፊደሎቹን፣ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው፣ በአውራ ጣቷ ዳበሰቻቸው። «የሷ እጅ ነው?» አለችኝ።

«የሷ ነው።»

«መጻፍ ትችላለች» አለች። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፤ ከስምንት ቀን ወዲህ ስትቀመጥ ያየኋት ያኔ ነው። «ትንሿ መጻፍ ትችላለች።»

አስተማሪዋ ዘንድም ሄድን። መዝገቡ ላይ ያለው ስም ልብስ ሰፊዋ የምታውቀው ስም አይደለም። ያሳደጓት ሰዎች ያወጡላት ይሆናል። ወይም ደግሞ ሌላ ሴት ትሆናለች፤ ይህንንም ደፍረን ተነጋግረናል። ከማረፊያ ቤቱ ሌላ አድራሻ የላትም።

ቤት ስንመለስ ባለሱቁ ዘጠነኛውን ወረቀት በካርቶን አስጭኖ ደጃፍ ላይ ይጠብቀናል። አረፋ ካርቶኑን ከጫነው ሠራተኛ ተቀብላ ወደ ውስጥ አስገባችና በሩን ዘጋችበት። ከሽርጧ ኪስ ያን ሁለተኛውን ጽሑፍ አወጣች፤ ቁጭ ብላ ጥቂት ቃል ጨመረችበት፤ በዚያው እግሯ ማተሚያ ቤት ሄደች። በማግሥቱ የወጣው ዘጠነኛ ሞገድም ጌጥም የለውም። እንዲህ ይላል፤ «ይህ ታሪክ እውነተኛ አይደለም። ሐይቁም ቀዛፊውም የሉም። በሰባተኛው ላይ ያለው አንድ ነገር ግን እውነት ነው፤ እሱም የኛ አልነበረም። የአንዲት ሴት ነው። ሳናስፈቅዳት ሸጥነው። ይቅርታ እንጠይቃታለን።»

«ሳሙና ሻጭ ንስሐ ስትገባ ገና ዛሬ አየሁ!» አለ ባለሱቁ። «ማን ይገዛዋል ይህን?»

«አይግዙት» አለችው።

አልገዙትም። ሳምንት ሳይሞላ የሱቁ ካርቶን ሁሉ ተመለሰ። አልጋዬ ሥር እንደገና ሳሙና ሆነ፤ የልጅ ልጄ ግን አሁን አትቀልድብኝም። አንዳንዱ ሰው አታለላችሁን ብሎ ወረቀቱን ደጃችን ላይ በትኖ ሄደ። ሥጋ ሻጩ መጥቶ ቆሞ አነበበው፤ ሁለት ሳሙና ወሰደ። አረፋ ዛሬ ወረቀቱ ላይ የምትጽፈው ውስጡ ያለውን ነው፤ የዘይቱን ዓይነት፣ የተሠራበትን ቀን፣ የደረቀበትን ቀን። የሚገዙን ጥቂት ናቸው። ልጄ ለሰው ስታወራ የነበረውን ያን ሁሉ ተረት ወዴት እንዳደረገችው አላውቅም። ስትቆርጥ ዝም ትላለች፤ ሳትቆርጥም ዝም ማለት ጀምራለች።

ልብስ ሰፊዋ አውቶቡሱን ተወችው። የስፌት መኪናውን ሊወስድ የመጣውን ሰው መልሳ፣ መኪናውን ከግድግዳው ሥር አንስታ ወደ መንገዱ በሚያሳየው መስኮት ሥር አቆመችው። ስትሰፋ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው፤ ጣቷን ሁለት ጊዜ መርፌ ወግቷታል። ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣለች። አትገዛም፣ አትቀመጥም። «መጣች?» ትላለች። «አልመጣችም፣ እትዬ» ትላታለች አረፋ። ይቅር ብያችኋለሁ አላለችንም። እኛም አልጠየቅናትም።

ይህን ልጽፍ ስነሳ ሄጄ አስፈቀድኳት። መርፌ ውስጥ ክር እያስገባች መለሰችልኝ። «የሷን አትጻፊ» አለች። «የኔን ጻፊው። አራት የኔም ነው።»

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሰባተኛው ወረቀት ቤታችሁ ካለ ለሰው አታንብቡት። ዕድሜዋ ስልሳ ግድም የሆነ፣ ቀጠን ያለች፣ ስትስቅ አፏን በክርኗ የምትሸፍን ሴት ብታገኙ አትጠይቋት፤ ቁጠሪልን አትበሏት። እኔንም አታንሱባት። «ሦስተኛዋ በሕይወት አለች፤ ስፌት ቤቷ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው» በሏት። መምጣት አለመምጣቱ የሷ ነው። ይህን ብቻ ንገሯትና መንገዱን ልቀቁላት።